ቀይ ሥሬን ምን ነካብኝ?

ውድ አንባቢዎች፣ በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቀይ ሥር የሚጠይቁ ናቸው። ደስ ብሎኛል። ቀይ ሥር ብርድ ይችላል። ሰፊ ቦታ አይፈልግም። ሥሩም ቅጠሉም ይበላል። ለጾምም ለፍስክም ይሆናል። ብዙ ዓመት በግብርና ባለሙያነት በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ዞሬያለሁ፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ጓሮዬን አለማለሁ። ቀይ ሥር በየደጋው ጓሮ ከጎመንና ከድንች ጎን ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከደብዳቤዎቹ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ «ምን ልርጭበት?» የሚል። እኔ መድኃኒት ከመጥራቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። መቼ ተዘራ? መደቡ ላይ ከዚህ በፊት ምን ነበረበት? ትርፉ ውሃ የት ይሄዳል? የዚህ ወር ጠያቂዎች አብዛኞቹ መልሳቸው እዚያ ውስጥ ነው። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ጠባሴ ነው። ቀይ ሥር ስዘራ አንድ ቦታ ላይ አንድ ፍሬ ብቻ ነበር የጣልኩት፤ ሦስት አራት ሆኖ በቀለ። ቅጠሉ አምሮበታል። ነቅዬ ሳየው ግን ሥሩ ከጣቴ አይወፍርም። በሽታ ይሆን? ወይስ ዩሪያ ልጨምርበት?»
— ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ በሽታ አይደለም። ዩሪያውንም ተዪው። ዘር ብለን የምንገዛው ያ ሸካራ ፍሬ አንድ ዘር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ከሁለት እስከ አምስት ዘር ተጣብቆ ይገኛል። ስለዚህ ምንም ያህል ተጠንቅቀሽ ብትዘሪ፣ ተጨናንቆ ነው የሚበቅለው። ካላሳሳሽው ሁሉም ይሻማል፤ አንዱም ሥር አይሠራም።

የምታሳሽው ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ነው። አንቺ ዘንድ ያ ጊዜ አልፏል፤ ቢሆንም ዛሬውኑ አሳሺው። ጠንካራውን አንድ ተክል ትተሽ የቀሩትን በመቀስ ከአፈሩ ልክ ቁረጪ። አትንቀያቸው፤ ሥራቸው ስለተቆላለፈ የምትፈልጊውንም ይነቀንቁብሻል። በተክልና በተክል መሐል አራት ጣት ያህል ይሁን፤ በሴንቲ ሜትር ከ8 እስከ 10 ማለት ነው። በመስመርና በመስመር መሐል ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር። የተቆረጠውን ቅጠል እንዳትጥዪው። እንደ ቆስጣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት አብስዪው፤ ለጋ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል።

ዩሪያን የከለከልኩሽ የሚያሳድገው ቅጠሉን ስለሆነ ነው። ያንቺ ቅጠል ደግሞ አልጎደለበትም። ፍግ ካለሽ ደህና አድርጎ የበሰበሰውን፣ ከመዝራትሽ በፊት ከአፈሩ ጋር ቀላቅዪ። ትኩስ ፍግ ላይ የተዘራ ቀይ ሥር ሁለት ሦስት እግር ያወጣል። እኛ አገር የከብቱ እበት ለኩበት እንደሚሄድ አውቃለሁ። የበጉን ጋጣ ጥራጊ ግን ማንም አይከለክልሽም። አንድ ጥግ ላይ ከምረሽ፣ አልብሰሽ አክርሚው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የዘሩ ማሸጊያ ላይ 60 ቀን ይደርሳል ተብሎ ተጽፎ አይተሽ ይሆናል። እሱ ሞቅ ላለ አገር ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ላለችው ደብረ ብርሃን ሦስት ወርና ከዚያም በላይ መጠበቅ ያለ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወርደውን ቀላል ውርጭ ያደገው ተክል ይችለዋል። ገና የበቀለውን ግን ማታ ማታ ሣር አልብሺው። መደብሽ ከባሕር ዛፍ ሥር ከሆነ ደግሞ ቦታ ቀይሪ፤ ውሃውንም ምግቡንም ዛፉ ይጨርሰዋል።

«ከእነዋሪ ነው የምጽፍልሽ። ሐምሌ ላይ ቀይ ሥር ዘርቼ ጥሩ በቅሎ ነበር። በሳምንቱ ግንዱ ከአፈሩ ልክ እየጠቆረና እየቀጠነ ተኛ። ጎረቤቴ ቆራጭ ትል ነው አለኝ። ለትሉ የሚረጭ ብገዛ ይድናል?»

ወንድሜ፣ አትግዛ። ትል አይደለም። ቆራጭ ትል ሌሊት መጥቶ ችግኙን እንደ መቀስ ቆርጦ ነው የሚጥለው፤ የተቆረጠበት ቦታ ንጹሕ ነው። ጠዋት ዙሪያውን በጣትህ ብትጭር ግራጫ ትል ተጠቅልሎ ታገኛለህ። ያንተው ግን ግንዱ ጠቁሮ እንደ ክር ቀጥኗል። ይህ የችግኝ አበስብስ በሽታ ነው። የሚያመጡት አፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችና ፈንገስ መሰል ተሕዋስያን ናቸው። የሚበረቱት ደግሞ አፈሩ ሲጨቀይና ሲቀዘቅዝ ነው። የተኛው ችግኝ አይነሣም፤ መድኃኒት ቢረጭም አይመለስም።

በሐምሌ የእነዋሪ ጥቁር መረሬ መሬት ውሃ ይቋጥራል። ይህን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም። የእነዋሪ ሰው በእጁ ሰፊ መደብና ቦይ እያበጀ ውሃ ሲያጠነፍፍ የኖረ ነው፤ ሴቱም ልጁም አብሮ የሚሠራው ሥራ ነው። ለስንዴና ለባቄላ የምትሠሩትን መደብ ለጓሮውም ሥራለት። ከፍታው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ቦዩም መውጫ ይኑረው። መውጫ የሌለው ቦይ ውሃውን ከመደቡ አውርዶ እዚያው ያስቀምጥልሃል እንጂ አይገላግልህም።

የምትዘራበትንም ጊዜ ግፋው። የነሐሴ ጎርፍ በረድ ሲል፣ ወደ ወሩ መጨረሻ ወይም መስከረም መግቢያ ላይ ዝራ። ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ውሃውን ድፋው፤ የፍሬው ልባስ መብቀልን የሚያዘገይ ነገር ስላለው ይታጠብለታል። ከዚያ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ቅበረው። መረሬ መሬት ሲደርቅ ቅርፊት ስለሚሠራ፣ ዘሩን በአፈር ከማልበስ በበሰበሰ ፍግ ብታለብሰው በቀላሉ ሰብሮ ይወጣል።

«እትዬ፣ እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። በመስኖ ቀይ ሥርና ቆስጣ አለማለሁ። ቅጠሉ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣብ ወጣበት። መሐሉ አመድማ ነው፣ ዙሪያውን ወይን ጠጅ መልክ ከቦታል። ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ አሁን ወደ ላይ እየወጣ ነው። ማሳ ማፈራረቅ እንዳለብኝ ስለተማርኩ አምና ቀይ ሥር የነበረበት ላይ ቆስጣ ተክዬ፣ ዘንድሮ ወደ ቀይ ሥር ተመለስኩ። አንዱ የኒም ቅጠል ቀቅለህ እርጭ ይለኛል፣ ሌላው ከገበያ መድኃኒት ግዛ ይለኛል። ግራ ገባኝ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ጎበዝ አስተዋይ መሆንህን ይናገራል። ነጠብጣቡን እንዲህ አድርገህ ስለገለጽከው ሳላየው ልነግርህ እችላለሁ። ሰርኮስፖራ የሚባል የቅጠል ፈንገስ ነው። ለማረጋገጥ አንድ ቅጠል ፀሐይ ላይ ይዘህ አመድማውን መሐል ተመልከት። እንደ ብናኝ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካየህ እሱ ነው። ቆይቶ መሐሉ ይረግፍና ቅጠሉ ወንፊት ይሆናል።

ይህ ፈንገስ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲያገኝ ይበረታል። ቀን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ፣ ሌሊትም ቅጠሉ ርጥብ ሆኖ ካደረ ተመቸው። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ይልቅ የእናንተን ቆላ ይወዳል። እኛ ደጋዎቹ የምናየው ነጠብጣብ ብዙውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሰፋ ያለ፣ ቡናማ፣ ዙሪያው ያልቀላ።

አሁን ወደ ማፈራረቁ ልምጣ፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ነውና። ቆስጣና ቀይ ሥር አንድ ተክል ናቸው። ሳይንሱም በአንድ ስም ቤታ ቩልጋሪስ ይላቸዋል። አንዱ ለቅጠሉ፣ ሌላው ለሥሩ ተመርጦ የተራባ ነው እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ስኳር የሚሠራበት የፈረንጅ ቀይ ሥርም ከዚያው ነው። ለፈንገሱ ቀይ ሥር አንስተህ ቆስጣ መትከል ያው ማዕዱን መቀጠል ነው። በወደቀው ቅጠል ላይ ሁለት ዓመት ድረስ ሊቆይ ስለሚችል፣ መደቡን ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ ቢቻል ለሦስት ዓመት ከሁለቱም አሳርፈው። እናንተ ጋ ምርጫ ሞልቷል። ሽንኩርት ትከል፣ ማሾ ዝራ፣ በቆሎ አስገባ። አመድማዶና አሉማም የዚሁ ፈንገስ መጠጊያ መሆን ስለሚችሉ ከመደቡ ዙሪያ አርምልህ።

ዛሬ የምታደርገው ይህን ነው። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ግባና ክፉኛ የተያዙትን የታች ቅጠሎች ቁረጥ። ቦዩ ውስጥ አትጣላቸው፤ ሰብስበህ አቃጥል ወይም በጥልቀት ቅበር። ቅጠሉ ርጥብ እያለ ግን አትግባበት፤ በልብስህና በእጅህ ከተክል ተክል ታዛምተዋለህ። ውሃውን በቦይ ልቀቀው። በባልዲ ከላይ የምታርከፈክፍ ከሆነ ተው። ማታ የምታጠጣውንም ወደ ጠዋት አምጣው፤ ቅጠሉ ረጥቦ እንዳያድር።

ኒሙን በተመለከተ፣ ኒም ለነፍሳት ነው። እናንተ ሰፈር ዛፉ ስላለ ክሽክሽ ለሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት ተጠቀምበት፤ ይህን በሽታ ግን አያቆምልህም። የገበያውን መድኃኒት ደግሞ ነጠላ ነጠብጣብ ስላየህ ብቻ አትሩጥበት። ጥቂት ነጠብጣብ ሥሩን አይጎዳውም፤ ቅጠሉ በብዛት ሲረግፍ ነው ሥሩ የሚኮስሰው። በሽታው ወደ ለጋው ቅጠል እየወጣ ካስቸገረህ መዳብ ያለበት ፀረ ፈንገስ አለ። የሚሠራው ግን ገና ያልተያዘውን ቅጠል በመጠበቅ ነው፤ የተያዘውን አያድንም። በማሸጊያው ላይ ለአትክልት የተፈቀደ መሆኑን አይተህ ግዛ። ከረጨህ በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብህም ተጽፏል፤ ያ ቀን ሳይሞላ ቅጠሉን አትብላ፣ አትሽጥ። አንድን መድኃኒት ደጋግመህ ብቻውን አትጠቀም፤ ሰርኮስፖራ መድኃኒት በመልመድ የታወቀ ፈንገስ ነው። በባዶ ሃይላንድ ተቀድቶ፣ ምን እንደሆነ ሳይጻፍበት የሚሸጠውን ደግሞ እንኳን ልትረጨው ቤትህም አታስገባው። ልጆች ያሉበት ቤት ነው።

ቀጣዩን ቀይ ሥር በሌላ መደብ ላይ ከጥቅምት በኋላ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ዝራው። በሽታውም ይቀንስልሃል፣ ሥሩም ሲቆረጥ ነጫጭ ቀለበት ሳይኖረው ደህና ይቀላል። ሙቀት ቀለሙን ያሳሳዋል።

«እትዬ፣ ደብረ ሲና ነው ያለሁት። ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ቅጠሉ ውስጥ ነጭ የተጠማዘዘ መንገድ ይታያል፤ ከቅጠሉ በታች ደግሞ አረንጓዴ ጥቃቅን ነገር ተለጥፎበታል። ለሱ ብዬ አመድ በየሳምንቱ እነሰንሳለሁ። አሁን ደግሞ ሥሩን ስቆርጠው ውስጡ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ቡሽ የመሰለ ነገር አገኘሁ። ትል አላየሁበትም።»

ልጄ፣ ነጩ መንገድ የቅጠል ሰርሳሪ ትል ነው። በሁለቱ የቅጠል ገጽ መሐል ገብቶ ስለሚበላ አመድም የሚረጭም አይደርስበትም። መንገዱ የሚያልቅበትን ጫፍ በሁለት ጣትሽ ጨፍልቂው፤ ትሉ እዚያ ነው ያለው። ብዙ የተያዘውን ቅጠል ቆርጠሽ አውጪ። ሥሩን ለምግብ ከሆነ የምትፈልጊው ብዙም አያስጨንቅሽ።

አረንጓዴዎቹ ክሽክሽ ናቸው። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጪና አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ውስጠኛ ገጽ እርጪ። ከጥቂት ቀን በኋላ ድገሚው። ነጠብጣብ ያላት ትንሽዬ ቀይ ጥንዚዛ ካየሽ አትንኪያት፤ ክሽክሽ የምትበላልሽ እሷ ናት።

ዋናው ጉዳይ ያ ጥቁር ነገር ነው። በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ የለውም። ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር እጥረት ነው። ቀይ ሥር ከብዙ አትክልት ይበልጥ ቦሮን ይፈልጋል። ሲያጣው የመሐሉ ለጋ ቅጠል ይጠቁራል፣ ሥሩም ውስጡ ይሞታል። አፈርሽ ውስጥ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል። አመድ የአፈሩን አሲድ ይቀንሳል። ሲበዛ ግን አፈሩን ወደ ኖራ ጠባይ ይወስደዋል፤ ያኔ ተክሉ ያለውንም ቦሮን መሳብ ያቅተዋል። ድርቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ አመዱን አቁሚ። የበሰበሰ ፍግ ጨምሪ፣ ውሃውን አታቋርጪ። አንድ ቀን አጥግበሽ አሥር ቀን ማስጠማት ሥሩንም ይሰነጥቀዋል። ቦሮን ገዝተሽ በግምት እንዳታደርጊ አደራ። ከመጠን ያለፈ ቦሮን ተከትሎ የሚመጣውን ባቄላና አደንጓሬ ይጎዳል። ችግሩ ከተመለሰ መጀመሪያ አፈርሽን የሚመረምሩበትን ቦታ ከወረዳሽ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቂ።

የተቆረጠውን ግን አትጣዪው፤ ጥቁሩን አውጥተሽ የቀረውን ብዪው።

«ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? የመንዝ ሰው ነኝ፣ መሐል ሜዳ። የልጅ ልጆቼ ቀይ ሥር ተክለው ነበር። ቅጠሉ ጠዋት ጠውልጎ አገኘነው። ስንስበው ሥር የለውም፤ ከታች ተበልቷል። አጠገቡ አዲስ የአፈር ቁልል አለ። ፍልፈል መሆኑን አውቄዋለሁ። መርዝ ልጨምርበት ብዬ ምክርሽን ፈለግሁ።»

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት ከረሙ? ያሉት ትክክል ነው፤ ፍልፈል ነው። ድንችም፣ ካሮትም፣ ቀይ ሥርም አይምርም። መርዙን ግን እለምንዎታለሁ፣ አያድርጉት። ጉድጓድ ውስጥ የሞተ ፍልፈል እዚያው አይቀርም፤ ውሻ ያወጣዋል፣ ጭልፊት ያነሣዋል። የእናንተ የጓሳ ሣር ምድር ደግሞ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው አይጥና ፍልፈል እየበላ ነው። የመንዝ አባቶች ቄሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ጠብቀው ባቆዩት ጓሳ ላይ በመርዝ ጉዳት ቢደርስ ያሳዝነኛል።

እርስዎ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁትን ዘዴ ይጠቀሙ። ጠዋት አዲሱን ቁልል ገልጠው ዋሻውን ይክፈቱት። ፍልፈል የተከፈተ ቀዳዳ አይወድም፤ ሊደፍነው ተመልሶ ይመጣል። ወጥመዱን እዚያ አፍ ላይ ያጥምዱት፤ ያረጀው ቁልል ላይ ቢያጠምዱ ግን ድካም ብቻ ነው። ለልጆቹ ደግሞ ዘላቂ የሚሆነው መደቡን ከታች ማጠር ነው። አፈሩን ወደ ግማሽ ሜትር ቆፍረው አውጥተው፣ ከሥር ዓይኑ ጠባብ የሆነ የዶሮ ሽቦ ያንጥፉ፣ በጎንም እስከ ላይ ያውጡት። ከዚያ አፈሩን ይመልሱት። አንዴ ይደክማሉ፣ ብዙ ዓመት ይጠቅምዎታል። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መደብ ለቤት ይበቃል። ሽቦው ውድ ከሆነብዎት ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠጋግቶ ማንጠፍም ይረዳል፤ ውሃ እንዲያሳልፍ በመሐሉ ጠጠር ይሙሉበት።

«እትዬ፣ አንኮበር ነኝ። ዘር ከመግዛት ብገላገል ብዬ ጥቂቱን ሳልነቅል ተውኩት። ሥሩ እንደ ድንጋይ ጠነከረ እንጂ አላበበም። ለምን?»

እህቴ፣ ቀይ ሥር በመጀመሪያው ዓመት ሥር ይሠራል፣ በሁለተኛው ነው የሚያብበው። ለማበብ ደግሞ ለሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ፣ ከዚያም ረጅም ቀን ይፈልጋል። ብርዱን አንኮበር ይሰጠው ይሆናል። የእኛ አገር ቀን ግን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። በፈረንጅ አገር በጋ ቀኑ እስከ 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይረዝማል። ለዚህ ነው ዘሩ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣው። ዲትሮይት ዳርክ ሬድ የሚባለው በየገበያው የምታገኚው ነው፤ ለደጋችን ደህና ነው። ስትገዢ የታሸገበትን ዓመት ተመልከቺ። በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ካስቀመጥሽው አራት ዓመት ያህል ይቆያልና የተረፈሽን አትጣዪ። ሥሩን ደግሞ የቡጢ ያህል ሳይሆን ንቀዪው፤ ከዚያ ካለፈ ክር ክር እያለ ይጠነክራል።

«እትዬ፣ ከጫጫ ነው። ቀይ ሥር ስቀቅል ቀለሙ ሁሉ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ልጄ በበላች ማግስት ሽንቷ ቀልቶ ክፉኛ ደነገጥኩ።»

እህቴ፣ ቀለሙ የሚፈሰው ሳይበስል ስለምትልጪው ነው። ቅጠሉን በቢላዋ ከሥሩ አትቁረጪ፤ ሁለት ጣት ያህል አንገት ተይለት። ጅራቱንም አትቁረጪ። በደንብ አጥበሽ ከነልጣጩ ቀቅዪው። ሲበስል ልጣጩ በእጅ ይወጣል።

የልጅሽ ነገር አያስደንግጥሽ። የቀይ ሥር ቀለም በአንዳንድ ሰው ላይ ሳይፈጭ በሽንት ይወጣል፤ ሰገራንም ያቀላል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ቀይ ሥር ሳትበላ ከቀላ፣ ወይም ሕመም ወይም ትኩሳት ካለባት ግን ሳትውይ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።